የሚቀመጥ ወታደር

ሳጥኑን ስከፍተው አርባ ስምንት ናቸው፣
የጣቴ አንጓ ያህል ነው ቁመታቸው፤
ሁሉም ይሮጣሉ፣ ሁሉም ይተኩሳሉ፣
ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ይጮሃሉ።
እግሩን ያመመው የለም፣ የደከመው የለም፣
ጫማውን አውልቆ ያረፈ ሰው የለም።
ፋብሪካው አያውቅም፤
ሯጭ እንጂ ተቀማጭ ገበያ አይወጣም።

እኔ ቦጉሚል ነኝ፤ ቪስቱላን ያያል የቶሩን መስኮቴ፤
አርባ ዓመት ሙሉ ጥርስ ሲነቅል የኖረ እጅ ነው ሀብቴ።
ክሊኒኩ ተሸጠ፣ ወንበሩ፣ መብራቱ፣ የበሩ ሰሌዳ፤
መፋቂያና መርፌ፣ ክቧ መስታወቴ ግን አልሄዱም ለእንግዳ።

ዛሬ በሽተኛዬ ፕላስቲክ ነው፤ አያለቅስም፤
"ያማል ወይ?" እለዋለሁ፣ ልማድ ነው፤ አይመልስም።
ጉልበቱን ከኋላ በስለት ጫር አርጌ፣
መታጠፊያውን በጋለ መርፌ ፈልጌ፣
አጠፍሁት። ተቀመጠ።
ሁለት መቶ ዓመት የሮጠበት መንገድ ከእግሩ ስር አመለጠ።
ጠብመንጃውን ከእጁ በመቁረጫ ነቀልሁ፤
በስቱኮ ባዶ እግር፣ አምስት ጣት ቀረጽሁ፤
አምስተኛዋ ወድቃ ምንጣፍ በላት፤
በዚያ ብርድ አራት ያተረፈ ዕድለኛ ነው አልሁ።

"ኮታቸው ሰማያዊ" ብለው መጽሐፍ የጻፉቱ
ከሞስኮ መልስ ያለውን ኮት አላዩም በውነቱ።
ስለዚህ አመድ ጨመርሁ፣ ጭቃ ጨመርሁ፣ የሻይ አተላ፤
ኮቱ ከትከሻ ነጣ፣ ከክርኑ ተበላ።

ሐሙስ ማታ ሌሼክ መጣ፣ በአጉሊ መነጽር ሊመረምር፤
ሌሼክ ነው፣ ከሰው አስቀድሞ የሰው ቁልፍ የሚቆጥር።
መዳፌ ላይ አየውና "ቁልፉ ቢጫ ነው፣ ነጭ አይደለም፤
በዚያ ዓመት ደግሞ ቀይ አንገትጌ የለም።"
አስተካከልሁ። ልክ ነው፤ ሌሼክ በቁልፍ አይታማም።
አፉን ግን አላየም።

የዚያን ዘመን ባሩድ በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር፤
ያንን በፊት ጥርሱ ቀዶ ነው ወታደር ጠብመንጃውን ያጎረሰ፤
የፊት ጥርስ የሌለው ከምልመላው ጓሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ።
ይህንን ያወቁ ልጆች ሌሊት፣ ጋጣ ውስጥ፣ በድንጋይ፣ በጉጠት፣
ሁለት ጥርስ ከፍለው ገዙ አንድ ዕድሜ ሕይወት።

አርባ ዓመት "ጥርስህን ጠብቅ" ስል የኖርሁ ሰው ነኝ እኔ።
ያን ጊዜ ብኖር ግን በጓሮ በር አስገብቼ ስንቱን በነቀልሁ!
ጤነኛ ጥርስ መንቀል ኩነኔ ካለው፣
ይሁን፣ ለእኔ።

ስለዚህ ረቡዕ ሌሊት ከብሩሹ አንድ ጠጉር ብቻ አስቀርቼ፣
በሁለት የልብ ምት መሃል እጄን አጽንቼ
(ከክረምት ወዲህ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤
የማይንቀጠቀጥበትን ቅጽበት ግን እሱ ራሱ ያውቃል)
ከላይኛው ከንፈር ስር ሁለት ጥቁር ነጥብ አኖርሁ፣
ከአሸዋ ያነሱ።
መብራቱን አጠፋሁ።

ሰሌዳው ላይ አርባ ሰባቱ በረዶ ውስጥ ይሮጣሉ።
(በረዶው ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ ከሙጫ ጋር ሲቆይ ይበልዛል ይላሉ።)
ከወንዙ ዳር አንድ ቦታ ተቦርቡሮ ባዶ ቀርቷል፤
ሌሼክ ሻዩን ይዞ ጎንበስ ብሎ አይቷል።
"መቼ ነው የምታጣብቀው?"
"አልተመለመለም" አልሁት።
ዝርዝሩን አገላብጦ፣ ደምሮ፣ ቀንሶ፣ ግራ ገባው።

እሱ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከአበባው ማሰሮ አጠገብ፣
አራት ጣቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ቁጭ ብሏል።
ፋብሪካው እንደ ከፈተው አፉ ክፍት ነው።
ከሩቅ ሲያዩት አሁንም የሚጮህ ይመስላል፤
በክቧ መስታወቴ ጠጋ ብለው ሲያዩት
ይስቃል።